እውነት ስታስከፍል
"ሰው በተፈጥሮው ውሸታም ነው" የሚለው፣ እዚህ ስለ ውሸት ያነበብኩት ጽሑፍ ሐሳብ አልተዋጠልኝም። ሰው በአብዛኛው የሚዋሸው ፈርቶ ነው። እዚህ ደሴ የማየው ይህንኑ ነው፤ የቀበሌ ስብሰባ ላይ "አስተያየት ያለው?" ሲባል ሁሉም ጭጭ ይላል፣ መጨረሻ ላይ ያጨበጭባል፣ ማታ ቡና ላይ ግን ያው ሰው የውሃውንም የመብራቱንም ጉድ አንድ በአንድ ይዘረግፈዋል። ከጽሑፉ ሥር በሰጠኸው አስተያየት "ዝም ማለት ማንን ይጎዳል?" ላልከው ወንድሜ፣ የወሎን ረሃብ አስታውስ እንጂ! በ1965 ሕዝቡ እየረገፈ ሹማምንቱ ነገሩን ሸፋፈኑት፣ ዓለም በደንብ ያወቀው በ1966 መጀመሪያ የእንግሊዝ ቴሌቪዥን ሲያሳየው ነው። ሁሉም ጨካኞች ነበሩ ብዬ አላምንም፤ ብዙዎቹ ለወንበራቸው የሰጉ ይመስለኛል። አሁንም ችግሩን እያየ ለአለቃው "ሁሉም ሰላም ነው" ብሎ ሪፖርት የሚጽፍ ሰው ሳይ የሚያንገበግበኝ ለዚህ ነው።