ይድረስ ለጋራዤ በር ሮለሮች

ጉዳዩ፦ ጡረታችሁን ስለማሳወቅ

በሩን በሃዲዱ ላይ ለምታንከባልሉ፣ በግራና ቀኝ ለምትገኙ 10 የተከበራችሁ ሮለሮች (ትንንሽ ጎማዎች)፣ ለጤናችሁ እንደምን ከርማችኋል? እኔ ከእናንተ ጩኸት በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ይህን የምጽፍላችሁ ከዚሁ ከሜሪላንድ፣ ከእናንተ አናት ላይ ካለው መኝታ ቤቴ ነው። አዲስ አበባ ሳለሁ ጋራዥ ማለት መኪና ታማ የምትገባበት፣ ባለቤቷ ሂሳቡን አይቶ ታሞ የሚወጣበት ቦታ ነበር። ዋሽንግተን ስመጣ ደግሞ ጋራዥ የሰው መኪና የማቆምበት እንጀራዬ ሆነ። ቤት ስንገዛ ሦስተኛው ጋራዥ ተጨመረ። እሱ ውስጥ ባለቤቴ ምጣዷን ተከለች። የበርበሬ ከረጢቷንና "ለአገር ቤት" ተብለው 23 ኪሎ እስኪሞሉ የሚጠብቁ ሻንጣዎችን ደረደረች። መኪናዬ የተረፈችው ጥግ ላይ ተሸጎጠች።

በመጀመሪያ ለደወል አገልግሎታችሁ ምስጋናዬ ይድረሳችሁ። ሌሊት 10 ሰዓት ተኩል ለሥራ ስወጣ ቤተሰቡን በሙሉ፣ ከዚያም የግራውን ጎረቤት፣ ከዚያም ውሻውን ትቀሰቅሱልኛላችሁ። ጎረቤቴ አሜሪካዊ ነው፣ ጨዋ ሰው። "ዛሬም በጊዜ ወጣህ" ይለኛል ፈገግ ብሎ። ጨዋ ሰው እዚህ አገር ሲሰድብ እንዲህ ነው።

አማቴ ሊጠይቁን በመጡ ማግስት ሌሊት ከአልጋቸው ተነስተው አማተቡ። "እናንተ ልጆች፣ አሜሪካም ጅብ አለ እንዴ?" አሉ።

"ኧረ የለም እማማ፣ የጋራዡ በር ነው" አልኳቸው።

"ታዲያ ምኑን ቢያመው ነው እንዲህ የሚያቃስተው?"

መልስ አልነበረኝም። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ የመጀመሪያው ትክክለኛ ጥያቄ ግን የእሳቸው ነበር።

ጩኸቱ ብቻ ቢሆን እኮ ግድ የለም። በሩ ሲወጣ ከጠላ ቤት እንደተመለሰ ሰው ወዲያና ወዲህ ይል ጀመር። ግማሽ ላይ ሲደርስ ነጠር ይላል፣ ትንሽ ያስባል፣ ከዚያ ይቀጥላል። ከሃዲዱ ሥር ነጭ ብናኝ እየጠረግሁ "ዱቄት ታፈሻለሽ" ብዬ ባለቤቴን ስንት ቀን ተጣልቻታለሁ መሰላችሁ! ለካ እየተላገ የሚረግፈው የእናንተው ናይለን ነው። ይቅርታ ልጠይቃት አስባለሁ፤ ቀኑን ገና አልቆረጥኩም።

ልጄ አንድ ቅዳሜ ትንንሽ የብረት ኳሶች ከወለሉ ለቅሞ አመጣልኝ። እንዴት ደስ አለኝ! ቁጭ ብዬ ብይ አስተማርኩት። የእናንተ ኩሽኔታ ኳሱን አንድ በአንድ እያፈሰሰ፣ እኔ "አውራ ጣትህን አስተካክል" እላለሁ።

አሁን ስለ ሕክምናችሁ። መጀመሪያ የጠረጠርኩት ሞተሩን ነው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሏል ይሄ ነው። ምስኪኑ ሞተር የማይሽከረከር ጎማ እየጎተተ ሲያጓራ፣ "አርጅተሃል" ብዬ ዘለፍኩት። ቀጥሎ ያንን ሁሉም ቤት የማይጠፋ ሰማያዊ የሚረጭ ዘይት ጣሳ አንስቼ ሃዲዱን ከላይ እስከ ታች ረጨሁት። ለሁለት ቀን ዝም አላችሁ። በሦስተኛው ቀን በአዲስ ድምፅ መጣችሁ። ያ ጣሳ ዝገት ሊያላቅቅ ይችላል፤ ኩሽኔታን ግን ለረጅም ጊዜ አያለሰልስም፣ የነበረችውን ግሪስም ያጥባል። ሃዲድ ደግሞ ከነጭራሹ ቅባት አይፈልግም፣ አቧራ ይሰበስባል። ተጠርጎ ደረቅ መሆን ነው ያለበት። ቅባት የሚገባው ኩሽኔታችሁ ውስጥ ነበር፣ እሱም ኳስ ከቀረው።

ባለቤቴ "ሳይቃጠል በቅጠል" ትለኝ ነበር። እኔ የሰው ኢንሹራንስ የምታወራ መስሎኝ።

እስቲ ሂሳብ እናውራ። የፊት ለፊቱን በር የሚያውቀው ፖስተኛው ብቻ ነው፤ ሁላችንም የምንገባ የምንወጣው በእናንተ ነው። በቀን 8 ጊዜ በሩ ተከፍቶ ይዘጋል እንበል። በዓመት 2,920፣ በዘጠኝ ዓመት ከ26,000 በላይ። እንደ እናንተ ዓይነት፣ ቤት ሠሪው በርካሽ ገጥሞት የሄደ ሮለር 10,000 አካባቢ ከደረሰ ተመስገን ነው ይላሉ። ጡረታችሁ በአራተኛው ዓመት ደርሶ ነበር ማለት ነው። ፋይላችሁን መሳቢያ ውስጥ የቆለፈው ቢሮክራት እኔ ነኝ፤ እሱን አልክድም። ግን እናንተስ? በሰላማዊ መንገድ መጠየቅ አይቻልም ነበር?

አንድ እሑድ በመጨረሻ ወኔዬ መጣ። በሩን ዘግቼ ቀዩን ገመድ ሳብኩና ከሞተሩ አላቀቅሁት። ከዚያ በእጄ ቀስ እያልኩ አነሳሁ። ያኔ ሁሉንም አየሁ። በግራ በኩል ሦስተኛው፣ በሩ ሲሄድ አንተ ቆመሃል። አንድ ጎንህ ተልጦ ጠፍጣፋ ሆኗል። በቀኝ ያለኸው ደግሞ ዘንግህ ቀዳዳው ውስጥ እንደ ወተት ጥርስ ይነቃነቃል። ካቻቢቴና ቁልፍ ይዤ ከታች ካሉት ሁለቱ ልጀምር ጎንበስ አልኩ፣ ቅርብ ስለሆኑ። ደግነቱ አማቴ ለቡና ጠሩኝ። ኋላ ባለሙያው ሲነግረኝ ላብ አሰመጠኝ፦ የታችኞቹ ማቀፊያ ላይ የብረት ገመዱ ታስሯል፣ ገመዱን የወጠረው የበሩን ክብደት የተሸከመው ሞላ ነው። የእኛ ዓይነት ሰፊ የብረት በር 70 ኪሎ ሊያልፍ ይችላል። ያንን ብሎን ፈትቼው ቢሆን ይህን ደብዳቤ የምትጽፍላችሁ ባለቤቴ ነበረች፣ ያውም ነጠላዋን አዘቅዝቃ።

ቡናው ሦስተኛ ደረሰ፣ ወኔዬም አብሮ በረደ። "በሚቀጥለው እሑድ" አልኩ።

እናንተ ግን ማክሰኞን መረጣችሁ። ሌሊት 10 ሰዓት ተኩል፣ ሦስተኛው ከዘንጉ ተላቀቀ፣ በሩ ከሃዲዱ ወጥቶ ተንጋደደ፣ መኪናዬ ውስጥ ቀረች። ያንን ሁሉ የሰው መኪና በየቀኑ ሳልጭር አውጥቼ የማስረክበው እኔ፣ የራሴን አንዷን ማውጣት አቃተኝ። አለቃዬ ዘንድ ደወልኩ።

"ጋራዥ ውስጥ ተቆልፎብኝ ነው የምዘገየው።"

"አንተ፣ የጋራዡ ቁልፍ ያለው እኮ አንተ ጋ ነው!"

ለማስረዳት ስድስት ደቂቃ ፈጀብኝ። ያመነኝ አይመስለኝም።

ባለሙያው ከሰዓት መጣ፣ የአገር ልጅ ነው። አያችሁና ምላሱን ጠጠጠ አደረገ። አሥራችሁንም አወጣ። በምትካችሁ ኩሽኔታቸው የተከደነ፣ እያንዳንዳቸው ሆድ ውስጥ 13 ኳስ ያላቸው ናይለኖች አስገባ። የዕቃው ዋጋ ለብቻው ለሁለት ሰው ክትፎ ከሚከፈለው ብዙም የሚርቅ አይደለም። ለክትፎው ግን ዘጠኝ ዓመት አስቤ አላውቅም።

አሁን ቤቱ ጸጥ ብሏል። ባለቤቴ "መቼ ወጣህ? መቼ ገባህ?" ማለት ጀምራለች፣ አጠያየቋ ደስ አይልም። አማቴ እስካሁን አልሄዱም፤ "ጅቡ ምን ሆነ?" ይላሉ ጠዋት ጠዋት። እናንተ የቡና ጣሳ ውስጥ ናችሁ። ልጄ የቀሩትን ኳሶች በፒንሳ እያወጣ ነው፣ ሰባት ደርሰውለታል።

ከሰላምታ ጋር፣
የቤቱ ባለቤት (ከባንኩ ጋር)

ግልባጭ፦
ለሞተሩ፦ ስለ ስድቡ ይቅርታ።
ለሞላው፦ አንተም ብዙ ጊዜ የምትሠራው ለ10,000 ነው አሉኝ። ስትበጠስ እንደ ጥይት ትጮሃለህም አሉ። አማቴ እስኪሄዱ ብቻ ታገሰኝ።