አብሽር፣ ስታይልህ ነው!

ደሴ ላይ ዲጂታል አርት የሚሠራ ሰው የታደለ ነው። ሌላ አገር ሰዓሊው ሥራውን ሲያሳይ ይተቹታል አሉ። ብርሃኑ ከየት መጣ፣ ክንዱ ረዘመ፣ ጥላው የት ሄደ እያሉ ያደርቁታል። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ጭካኔ የለም። ንጉሥ ሚካኤል እዚሁ ደሴ ግብር ያበሉበት የነበረው አዳራሽ «አይጠየፍ» የተባለው በከንቱ አይደለም። የእኛም ፊድባክ አይጠየፍም። ስድስት ጣት ያለው፣ አንገት የሌለው፣ ሁለት ፀሐይ የወጣበት፣ ሁሉም እኩል ተስተናግዶ ይወጣል።

እሁድ እሁድ ፒያሳ አንድ ካፌ እንገናኛለን። ሥርዓቱ ዱዓ ነው የሚመስለው። አንዱ ታብሌቱን ወደ መሀል ይገፋና «በደንብ ተቹኝ፣ እንዳትራሩልኝ!» ይላል። አመስግኑኝ ማለቱ ነው፤ ይገባናል። አንጋፋው «ማሻአላህ! እሳት ነው!» ብሎ ይከፍታል። እኛ አሚን እንላለን። ቀጥሎ ጥልቁ ሙያዊ ጥያቄ ይመጣል፦ «በምን ሠራኸው?» በአይቢስ ፔይንት ከሆነ «በስልክ?!» ብለን እንገረማለን። በፕሮክሪዬት ከሆነ ስለ አይፓድ ዋጋ ግማሽ ሰዓት እናወራለን። ስለ ሥዕሉ የነበረው ውይይት በዚሁ ተጠናቀቀ።

አልፎ አልፎ አንድ ያልሰለጠነ ጀማሪ «ጥላው ግን በብርሃኑ በኩል አልወደቀም?» ይላል። ለእሱም መድኃኒት አለን። «ስታይሌ ነው!» ይህ ቃል ያላዳነው ሥራ የለም። የተጣመመ መንጋጋ ስታይል ነው። ጦሳ ተራራ ከአንድ ፎቅ ቤት አንሶ መታየቱም ስታይል ነው። ጀማሪው ሻዩን ፉት ይላል። እኛም «አብሽር» እንለዋለን፤ ልጅ ነው፣ ይማራል።

በረከቱን እኔም ቀምሻለሁ። ቡና የምታፈላ ልጅ ሣልኩ። የቀሚሷ ጥልፍ ብቻ 14 ሌየር፣ ማለትም 14 የተደራረበ የሥዕል ገጽ ፈጀ። 11 ሰው አየው፤ 11ዱም «እሳት!» አለ። ደረቴን ነፍቼ ላሳትም ሄድኩ። ለኅትመት በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) አንድ ኤ4 ገጽ 2480 በ3508 ፒክሰል ይፈልጋል። የእኔ የሩቡን ሩብ እንኳ አይሞላም። እሱንም በቴሌግራም በፎቶ ልኬው ጭራሽ ተጨምቋል፤ በፋይል መላክ ነበረበት። ስክሪን ላይ ያበራ የነበረው ሰማያዊም ወረቀት ላይ ሲወርድ የደሴ ጉም መሰለ። ይህን ከእሳቶቹ አንዱም አላነሳውም። ደግ ሰዎች ናቸው።

ወረቀቱን ይዤ ስወጣ በር ላይ ቡና የሚሸጡ ሴትዮ አዩት። «ውይ፣ ስታምር! ግን ልጄ፣ ሁለቱም እጇ ቀኝ ነው እንዴ?»

አየሁት። የቀኙን እጅ ሌየር ኮፒ አድርጌ ፍሊፕ ማድረጉን፣ ግራ እጅ እንዲሆን መገልበጡን፣ ረስቼዋለሁ። ሁለቱም አውራ ጣት ወደ አንድ ወገን ዞሯል። ግን ሴትዮዋ ስለ አርት ምን ያውቃሉ? ዕድሜያቸውን ጀበና ሲይዙ የኖሩ ሰው!

ጓደኞቼ ለካ ከመጀመሪያው እሁድ ጀምሮ አይተውታል። የሰማሁት ከጀማሪው ነው። እኔ ባጃጅ ይዤ እንደወረድኩ እጆቹን አንድ በአንድ ተንትነዋቸዋል። አልተቀየምኩም። እኔም እኮ የሌላው ሰው ሥዕል ላይ እንዲያ ነኝ። ባለቤቱ ወንበሩን ሲለቅ ዓይናችን ይበራል። አንዱ «ግራና ቀኙን ገልብጦ ቢያየው ስህተቱ ይወጣለት ነበር» ይላል። ሌላው «ወደ ጥቁርና ነጭ ቢቀይረው ብርሃንና ጥላው እንዳልተለየ ይገባው ነበር» ይላል። የትም ተከፍሎበት የማይገኝ ትምህርት ነው፤ የሚጎድለው ተማሪው ብቻ ነው።

አሁን እሁድ እሁድ ከወንበሩ ቀድሞ የሚነሳ ሰው የለም። መሽቶ ብርዱ ገብቷል፣ አስተናጋጁ ወንበሮቹን ጠረጴዛ ላይ እየገለበጠ ነው። እኛ 12ታችንም ባዶ ብርጭቆ ይዘን፣ እየተሞጋገስን ቁጭ ብለናል።