የምቡዚኒ ቱቦዎች

እዚህ ደቡብ አፍሪካ ሎኬሽን፣ ማለትም የጥቁሮች ሰፈር ውስጥ ሱቅ ከከፈትኩ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። ከሞዛምቢክ ድንበር አጠገብ ያለውን የምቡዚኒን ኮረብታ ግን ያየሁት ገና ባለፈው ጥቅምት ነው። ይዞኝ የሄደው ደንበኛዬ ነው፤ ስድሳ ዓመት ያለፈው ሞዛምቢካዊ ግንበኛ።

ኮረብታው ላይ 35 የብረት ቱቦዎች ቆመዋል። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 19 ቀን 1986 ምሽት የሞዛምቢክን ፕሬዚዳንት ሳሞራ ማሼልን ከዛምቢያ ይዞ ሲመለስ የነበረው ቱፖሌቭ አውሮፕላን የወደቀው እዚያ ነው። የአፓርታይድ መንግሥት ኮሚሽን ጥፋቱ የአብራሪዎቹ ነው አለ፤ ሞዛምቢካውያን ግን እስከ ዛሬ ሴራ ነው ይላሉ። ቱቦዎቹ ጎን ለጎናቸው ስለተሰነጠቁ ነፋስ ሲገባባቸው ያላዝናሉ። ሰውዬው ባርኔጣውን አውልቆ አንዱን በመዳፉ ዳበሰው። ዝገቱ እጁ ላይ ቀረ፤ አልጠረገውም።

«ታላቅ ወንድሜን የወሰደብኝ እሱ ነው» አለኝ።

እ.ኤ.አ. በ1983 የሳሞራ መንግሥት «ሥራ ፈት» ያላቸውን የከተማ ሰዎች እያፈሰ በሰሜን ወዳለው ኒያሳ ጫናቸው። ወንድሙ መታወቂያ ሳይዝ ዳቦ ሊገዛ እንደወጣ ቀረ።

ይህን ብሎኝ ሲያበቃ በዚያው አፉ ስለ ሳሞራ በኩራት ያወራኝ ጀመር። ነርስ እንደነበረ፣ ከነጮቹ ነርሶች ያነሰ ደመወዝ እየተከፈለው እንደሠራ። እ.ኤ.አ. በ1963 ከአገር ወጥቶ ዳሬሰላም የነጻነት ግንባሩን ፍሬሊሞን እንደተቀላቀለ፣ አልጄሪያ እንደሠለጠነ። የጦሩ አዛዥ ፊሊፔ ማጋያ በ1966 ሲገደል ጦሩን እንደተረከበ፤ የግንባሩ መሪ ሞንድላኔ በ1969 መጽሐፍ ውስጥ በተደበቀ ቦምብ ከሞቱ በኋላ ግንባሩን እንደመራ፤ በ1975 ከሮቩማ ወንዝ እስከ ማፑቶ ሕዝቡን እያነጋገረ ወርዶ ነጻነት እንዳወጀ። ለእኛ ለጥቁሮች ብሎ ነጮች ከሚገዟት ሮዴዢያ (የዛሬዋ ዚምባብዌ) ጋር ያለውን ድንበር ዘግቶ አገሩን አስራበ አለ፤ «አስራበ» ሲልም ድምፁ አልተለወጠም።

እኔን ያንገበገበኝ ይህ ነው። ወንድሙን ያጣ ሰው የበደለውን ሰው በደል ሳይደብቅ፣ ሥራውንም ሳይሰርቅ ይናገራል። እኛስ? ከሱቁ ጀርባ አራት ሆነን እንኖራለን። የጃንሆይ ወይም የመንግሥቱ ወይም የመለስ ስም ከተነሳ ማዕዱ ይበተናል። ሁለቱ ልጆች በዚሁ ሰበብ ከአንድ ትሪ መብላት ካቆሙ ሦስተኛ ወራቸው ነው። እዚሁ ሰው አገር፣ በየወሩ «ውጡልን» በምንባልበት አገር! ማንዴላ በ1954 ዓ.ም. ኮልፌ ሲሠለጥኑ ካስተማሯቸው አንዱ ታደሰ ብሩ ነበሩ፤ በ1967 ዓ.ም. ደርግ ረሸናቸው። ለደቡብ አፍሪካዊ ደንበኛ «ማንዴላን ያስተማርነው እኛ ነን» እያልን ደረታችንን እንነፋለን። የታደሰ ስም በመካከላችን ሲነሳ ግን ጀግና ነው፣ ከሃዲ ነው ተባብለን ጠብ ነው።

ስንመለስ መኪና ውስጥ «የእናንተስ?» ብሎ ጠየቀኝ። ልመልስለት አፌን ከፈትኩና ቤታችን ትዝ አለኝ። አባቴ ካራማራ ላይ እግሩን የቆሰለ ወታደር ነው። የእናቴ ወንድም በዚያው በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ተገደለ። የአጎቴ ፎቶ ሳሎን ተሰቅሏል፤ የአባቴ ኒሻን ግን አያቴ ሲመጡ እንዳያዩት ተብሎ ሳጥን ውስጥ ይገባ ነበር። አያቴ ካረፉ አሥራ አንድ ዓመት አለፋቸው።

ለሰውዬው ምንም ሳልመልስለት ደረስን። ማታ ለእናቴ ደወልኩላት።

«ኒሻኑ የት ነው?»

«ሳጥን ውስጥ ነዋ። ምነው?»

«አውጪና ከጋሼ ፎቶ አጠገብ ስቀይው።»

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ሁለት ጊዜ «ሃሎ» አልኩ። አልተቋረጠም፤ ትንፋሿ ይሰማኛል።