ሁለቱ ከሰሎች

ባለፈው እሑድ በሰፈራችን የዕድር ስብሰባ ላይ ስለ ውሃ ፈረቃ ስንነጋገር ነገሩ ወደ አየሩ መለወጥ ዞረ። ጎንደር እንዲህ ትሞቅ ነበር ወይ፣ ክረምቱስ እንዲህ ያንገራግር ነበር ወይ ተባለ። አንድ የማከብራቸው አባት ብድግ ብለው፣ "ይህን ሁሉ ያመጡብን ከሰል አክሳዮቹ ናቸው። ዓለምን ያሞቃት ከሰል ነው እያለ ሬዲዮውም ይናገራል" አሉ። ብዙ ሰው በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ወጣት ብቻ "አባባ፣ ያሞቁት ፈረንጆች ናቸው፤ እኛን ምን አገባን?" ሲል መለሰ። ከዚያ ስብሰባው ወደ መዋጮ ተሻገረ።

የአባትየው ንግግር ግን ቤቴ ድረስ ተከተለኝ። ሰውዬው አልዋሹም፤ ሬዲዮው በእርግጥ "ከሰል" ይላል። ጥፋቱ ያለው ቃሉ ላይ ነው። አማርኛችን ሁለት የማይገናኙ ነገሮችን በአንድ ስም ይጠራል። አንደኛው ከእንጨት ከስሎ ጀበና የምንጥድበት ነው። ሁለተኛው ከመሬት ሆድ ተቆፍሮ የሚወጣው የድንጋይ ከሰል ነው። ዜና አንባቢው "የድንጋይ" የምትለዋን ቃል ሲዘልላት፣ በአዳማጩ ዓይን ላይ የሚመጣው የቻይና ወይም የአሜሪካ የኃይል ማመንጫ አይደለም፤ አዘዞ መንገድ ዳር ከሰሏን መደብ መደብ አድርጋ የተቀመጠችው ሴት ናት። አንዲት ቃል በመጉደሏ ብቻ ፍርድ ተዛብቷል።

ሁለቱ ከሰሎች የሚገናኙበት ቦታ ከእኛ ሩቅ አይደለም። ከመተማ ቆላ ተጭኖ ወደ ጎንደር የሚወጣው ከሰል የሚያልፈው በጭልጋ ነው። ጭልጋ ደግሞ ከሥሯ የድንጋይ ከሰል አላት፤ ከ27 ሚሊዮን ዓመታት በፊት ገደማ ረግረግ ውስጥ ወድቆ የተቀበረ ደን ነው። በዚያ ዘመን ይኖሩ የነበሩ የዝሆን ጥንተ ዘሮች አጥንትም ከዚያው አፈር ወጥቷል። ከላይ መኪናው ትናንት የተቆረጠ ግራር ጭኖ እየጮኸ ያልፋል፤ ከታች ያ ጥንታዊ ደን ጸጥ ብሎ ተኝቷል።

በግራሩ ውስጥ ያለው ካርቦን ዛፉ በአጭር ዕድሜው ከአየር የሳበው ነው። ሲነድ ወደ መጣበት ይመለሳል። ጉቶው ካቆጠቆጠ ወይም በቦታው ሌላ ዛፍ ከበቀለ ያው ካርቦን ዳግም ይሳባል። ምንም ካልበቀለ ዕዳው አየር ላይ ይቀራል፤ ይህን አልክድም፣ እመለስበታለሁም። የጭልጋው ዓይነት ግን ሌላ ነው። ከአየሩ ምልልስ ወጥቶ ለሚሊዮኖች ዓመታት ተዘግቶበት የኖረ ካርቦን ነው። ያንን ቆፍሮ ማንደድ አየሩ ላይ ያልነበረ ሸክም መጫን ነው። ዓለም በዓመት ከ8 ቢሊዮን ቶን በላይ የድንጋይ ከሰል ታነዳለች፤ ነዳጅ ዘይቱና የተፈጥሮ ጋዙ ከዚህ ሌላ ነው። ከፋብሪካ ዘመን በፊት ከ1 ሚሊዮን የአየር ቅንጣቶች ውስጥ 280 ገደማ የነበረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ማለትም ካርቦን ሲነድ የሚወጣው ሙቀት አፋኝ ጋዝ፣ ዛሬ ከ420 በላይ ሆኗል።

ጭማሪው ከየት እንደመጣ የሚመሰክረው ራሱ አየሩ ነው። ሕይወት ያለው ነገር ሁሉ ካርቦን 14 የሚባል፣ ቀስ እያለ የሚጠፋ የካርቦን ዓይነት በውስጡ ይይዛል፤ በ5,730 ዓመት ገደማ ግማሹ ያልቃል። ሚሊዮኖች ዓመታት በተቀበረ ከሰል ውስጥ ቅንጣት ታህል አይቀርም። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ተመራማሪዎች የዛፍ ግንዶችን ሲመረምሩ በአየሩ ውስጥ የካርቦን 14 ድርሻ እየሳሳ መምጣቱን አገኙ። ጠላ ውሃ ሲበዛበት እንደሚቀጥን ሁሉ አየሩም በአሮጌ ካርቦን ቀጥኖ ነበር። ጭማሪው ከግራር ከሰል ብቻ የመጣ ቢሆን ኖሮ ጠላው እንዲያ ባልቀጠነ ነበር፤ የግራር ካርቦን 14 ገና ትኩስ ነውና።

እውቀቱም የትናንት አይደለም። ዐፄ ቴዎድሮስ በነገሡ በሁለተኛው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1856፣ ዩኒስ ፉት የተባለች አሜሪካዊት የመስታወት ቱቦዎችን ፀሐይ ላይ አስቀምጣ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሞላበት ከሌላው ይበልጥ እንደሚሞቅና ሙቀቱንም ቶሎ እንደማይለቅ አሳየች። እ.ኤ.አ. በ1896 ደግሞ ስዊድናዊው ስቫንቴ አሬኒየስ ይህ ጋዝ ቢጨምር ምድር ምን ያህል እንደምትሞቅ በወረቀት አሰላ። 1896 የዓድዋ ዓመት ነው። አያቶቻችን ተራራው ላይ ሲዋደቁ የአውሮፓን ጭስ የሚቆጥር ሰው ተገኝቶ ነበር ማለት ነው። የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ለውጥ ሳይንቲስቶች ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ሪፖርት፣ ምድርን ያሞቃት የሰው ልጅ ሥራ መሆኑ አያጠራጥርም ብሏል። ከሰው ልጆች ደግሞ የትኞቹ እንደሆኑ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፦ አንድ አሜሪካዊ በአማካይ በዓመት 14 ቶን ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከነዳጅና ከድንጋይ ከሰል ሲለቅቅ፣ የአንድ ኢትዮጵያዊ ድርሻ ሩብ ቶን እንኳን አይሞላም። ይህንን ዕዳ በከሰል ቸርቻሪዋ ጫንቃ ላይ መጣል፣ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንደሚባለው ነው።

ሰኞ ጠዋት አዘዞ ወርጄ አንዲቱን አነጋገርኳት። በዕድሜ እናቴን ትሆናለች። ድቃቂውን ከሰል በጣቶቿ እየለቀመች ለብቻው ታስቀምጣለች፤ የመዳፏ መስመሮች በጥቁር ቀለም የተጻፉ ይመስላሉ። "እትዬ፣ ከሰል ዛፉን ጨረሰው ይባላል፤ እርስዎ ምን ይላሉ?" አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ። "ልጄ፣ ዛፉ ማለቁን ከእኔ በላይ የሚያውቅ አለ? ድሮ ከቅርብ ይመጣልኝ የነበረው ዛሬ ከስንት አገር ነው የሚመጣው። ታዲያ መብራት በጠፋ ቁጥር ሰፈሩ ሁሉ ወደማን ነው የሚሮጠው?" አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። የእኔም ቤት ከሚሮጡት አንዱ ነው።

አሁን ወደ ወጣቱ ልመለስ። "እኛን ምን አገባን" ያለው ከአባትየው ንግግር ይልቅ አሳስቦኛል፤ ግማሽ እውነት ስላለበት ሰው ቶሎ ይቀበለዋል። ስብሰባውን የጠራነው ለውሃ ፈረቃው ነበር። ለዓመታት የምንጠጣው የአንገረብ ግድብ በደለል እየተሞላ እንደሆነ የማያውቅ ጎንደሬ የለም። ደለሉ ከአሜሪካ አልመጣም። ከግድቡ በላይ ካሉት ተዳፋቶች ነው የመጣው፤ ዛፋቸው ተመንጥሮ እስከ አፋፉ ከታረሱትና ሣራቸው በከብት ከተጋጠው። ይህ የእኛ እጅ ነው። ግን እዚያው ተዳፋት ላይ የሌሎቹም እጅ አለ። አየር በ1 ዲግሪ በሞቀ ቁጥር 7 በመቶ ያህል ተጨማሪ እርጥበት መሸከም ይችላል፤ ስለዚህ ዝናቡ ሲመጣ በአንድ ጊዜ የመውረድ ኃይሉ ይጨምራል። የፈረንጁ ጭስ ዝናቡን አከበደው፤ የእኛ መጥረቢያ መሬቱን አራቆተው፤ ሁለቱ አንገረብ ላይ ተገናኙ። በደብረ ብርሃን ሥላሴ ግቢ ውስጥ ባሉት ጽዶችና ወይራዎች ሥር ዝናብ ሲዘንብ ቆሞ ያየ ሰው ልዩነቱን ያውቀዋል። ያው ዝናብ፣ ያው ከተማ ነው፤ ከአጥሩ ውስጥ ግን ጎርፉ አፈር ይዞ አይወርድም።

የመተማን ደን በተመለከተም አንድ ነገር ልበል። ብዙው ጫካ የተመነጠረው ለሰሊጥና ለጥጥ እርሻ ነው። የእጣን ዛፉ ሳይቀር በዚያው ሄደ። ምንጣሮው ሲያልቅ የተረፈው ግንድ ከሰል ይሆናል፤ ከሰሉ ኬላ ላይ ይያዛል፤ ለሰፊው እርሻ መሬት የሰጠው ወረቀት ግን ኬላ አያግደውም። የከሰል አክሳዩን ጥፋት አላቃልልም። በአፈር በተሸፈነ ጉድጓድ 1 ኪሎ ከሰል ለማውጣት ከ5 እስከ 10 ኪሎ እንጨት ይጠፋል፤ ይህ ትልቅ ብክነት ነው። ነገር ግን ከሰሏን በኃይል የሚቀሟት ሴት ነገ በሌሊት ታስገባዋለች። ቀን በግልጽ የሚሸጥ ሌላ ከሰል ግን ሊኖር ይችላል፤ በአዊ ዞን ፋግታ ለኮማ ገበሬዎች ዲከረንስ የሚሉትን ግራር በማሳቸው ተክለው፣ በአምስት ዓመት ገደማ ቆርጠው አክስለው፣ መሬቱን መልሰው ያርሱታል። ኋላ በሽታ ገብቶ ብዙዎችን ጎድቷል፤ አንድ ዓይነት ዛፍ ብቻ የመትከል አደጋውም ይኸው ነው። ቢሆንም ያ ከሰል ከተተከለ ዛፍ የመጣ፣ ተመልሶም የሚተከል ነው። በአንገረብ ተዳፋቶች ላይ የአገር ዛፍ እየቀላቀሉ ይህንኑ መሞከር የማይቻለው ለምንድን ነው?

ከሁሉ በላይ ግን የምጣዱ ነገር ያንገበግበኛል። ከቤት ማገዶ አብላጫውን የሚበላው እንጀራ መጋገር ነው። በሦስት ጉልቻ ላይ የተጣደ ምጣድ እሳቱን ለንፋስ እየሰጠ ይነዳል። እናት ማሰሻዋን ይዛ፣ ፊቷን ከጭሱ ወደ ጎን አዙራ፣ አክንባሎውን ስታነሳ ዓይኗ ሲያለቅስ ያላየ ልጅ በእኛ አገር የለም። የቤት ውስጥ ጭስ በዓለም ላይ በየዓመቱ 3 ሚሊዮን ገደማ ሰዎችን ያለ ዕድሜያቸው ይገድላል። በሲሚንቶና በአሸዋ የሚሠራው ምርጥ ምድጃ ማገዶውን እስከ ግማሽ ይቆጥባል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ደግሞ ከእነ ጭራሹ ያስቀረዋል፤ የአገራችን መብራት ከ90 በመቶ በላይ ከውሃ የሚመነጭ ስለሆነ ከጀርባው ጭስ የለውም። የሕዳሴው ግድብ ተመርቆ እያለ ምጣዱ መሃል ላይ የሚጠፋበት ቤት መኖሩ ያሳዝናል። ሊጡ ይኮመጥጣል፤ ልጅ ወደ አዘዞ ይላካል።

ለሚቀጥለው ስብሰባ ሁለት ሐሳብ ይዤ እሄዳለሁ። ዕድራችን ድንኳን አለው፣ ድስት አለው፣ ወንበር አለው፤ ለቀስተኛ ሲበዛ ግን ዛሬም ወጡ የሚሠራው በሦስት ድንጋይ ላይ ፍልጥ እየተማገደ ነው። ከመዋጮው ለዕድሩ ሁለት ትልልቅ ማገዶ ቆጣቢ ምድጃዎች እንግዛ እላለሁ። ሁለተኛው፣ ከአንገረብ በላይ ለዕድራችን አንድ ቁራጭ ተዳፋት እንዲሰጠን እንጠይቅ፤ ተክለን ለሦስት ክረምት ከብት እንዳይገባበት በየተራ እንጠብቅ። አባትየውንና ወጣቱን ለመጀመሪያው ዙር አብረው እንዲጠብቁ ስማቸውን አስመዘግባለሁ፤ ሦስተኛው ስም የእኔ ነው።