ልብስ የምትወድ ልጅ፣ እዚህና አገር ቤት

አንዲት ወጣት ልብስ ትወዳለች ሲባል ብዙዎቻችን ነገሩን ከቅብጠት እንቆጥረዋለን። አገር ቤትም ሆነ እዚህ በዋሽንግተን ዲሲና በአካባቢው በምንኖር ኢትዮጵያውያን ዘንድ፣ ትምህርቷን የምታጠና ልጅ ስትመሰገን፣ የቀሚስ አቆራረጥ የምታጠናዋ «ልቧ ልብስ ላይ ነው» ተብላ ትታማለች። እኔ ይህን ሐሜት አልቀበለውም። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ያለ ሕዝብ ልብስ በአደባባይ ለመታየትና በዓልን ለማክበር ያለውን ክብደት አሳምሮ ያውቃል፤ በነሐሴ ወር የአሸንዳ፣ የሻደይና የአሸንድዬ ልጃገረዶች በጥልፍ ቀሚስና በሹሩባ ተውበው ሲወጡም ቀበጡ የሚላቸው የለም። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው፤ ይኸውም ይህ የልብስ ፍቅር በሁለቱ አገሮች ለሚኖሩ ወጣቶቻችን ምን ዓይነት ሥልጣን እንደሚሰጣቸውና ምን እንደሚነሣቸው ነው።

ለማነጻጸር እንዲመቸኝ እዚህ ካለችው ልጀምር። ሜሪላንድ ወይም ቨርጂኒያ ያደገች የሃያ ዓመት ወጣት አንድ ቅዳሜ ታይሰንስ ኮርነር ወይም ፖቶማክ ሚልስ የገበያ ማዕከል ገብታ እስክትወጣ የምታየው የልብስ ብዛት፣ አያቷ በዘመናቸው ሁሉ ካዩት ሳይበልጥ አይቀርም። እ.ኤ.አ. በ1975 ስፔን ውስጥ ላ ኮሩኛ ላይ በአንድ ሱቅ የጀመረው የልብስ ኩባንያ ዛራ ያስለመደው አሠራር፣ ማለትም አዲስ የወጣን ቅርጽ በጥቂት ሳምንታት ሰፍቶ ለሱቅ ማድረስ፣ ሺኢንን በመሰሉ የኢንተርኔት ሻጮች እጅ ይበልጥ ፈጥኖ በየቀኑ አዲስ ነገር ስልኳ ላይ ይደረድርላታል። ልጅቱ በዚህ ሁሉ መካከል የምታሳየው ንቃት ያስደንቀኛል፤ የትኛው ሱቅ መቼ ዋጋ እንደሚቀንስ፣ ከታንክስጊቪንግ ማግስት ምን በምን ያህል እንደሚገኝ፣ ደረሰኙ ልብሱን ለመመለስ እስከ መቼ እንደሚያገለግል ታውቃለች፤ ያገለገለ ልብስ የሚሸጥበት መደብር ገብታም ሌላው ሳያየው ያለፈውን ጥሩ የሱፍ ካፖርት መርጣ ታወጣለች። በነገራችን ላይ፣ እዚህ ያገለገለ ልብስ ገዝቶ መልበስ በወጣቶች ዘንድ የጥሩ ዓይን ማስረጃ ሆኖ በኩራት ይነገራል፤ አገር ቤት ግን ሰልባጅ በኮንትሮባንድ የሚገባና የእጦት ምልክት ተደርጎ የሚታይ በመሆኑ፣ የለበሰችው ልጅ ከየት እንደገዛችው ስትጠየቅ መልሱን ታድበሰብሳለች።

ይህ ሁሉ ምርጫ እያለ እዚህ ላለችው ወጣት የጎደላት ምን እንደሆነ የገባኝ፣ የወዳጆቼን ልጆች አጅቤ በልብስ መለኪያ ክፍሎች ደጃፍ በቆምኩባቸው ጊዜያት ነው። ዳሌዋን በልኩ የያዘው ሱሪ ወገቧ ላይ ይሰፋል፤ ወገቧን የያዘው ደግሞ ከጭኗ አያልፍም። የያዘችውን ሁሉ ለክታ ስትወጣ «የእኔ ሰውነት ልብስ አይሆነውም» ትላለች እንጂ ሱሪውን የምትወቅስ ልጅ እስካሁን አልገጠመችኝም። የአሜሪካ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1958 ያወጣው የሴቶች ልብስ የልክ ደረጃ መነሻው ቀደም ሲል ወደ 15 ሺህ በሚጠጉ ሴቶች ላይ የተካሄደ ልኬት ሲሆን፣ ለስሌቱ የዋለውም የነጭ ሴቶች ልክ ብቻ ነበር፤ ደረጃው በ1983 ከተሻረ ወዲህ ደግሞ እያንዳንዱ ኩባንያ ቁጥሩን ደስ እንዳለው ስለሚያወጣ፣ አንዱ ቤት 6 የሆነላት ልጅ ሌላው ቤት 10 ትጠይቃለች። ይህን ለልጆቹ ስነግራቸው በትሕትና ያዳምጡኛል፤ ነገር ግን ጨርቅ ለአንድ ሰው ተብሎ ሲቆረጥ አይተው ስለማያውቁ፣ ልብስ ከሰው በኋላ ሊመጣ እንደሚችል ማሰብ ይከብዳቸዋል።

አዲስ አበባ ያለችው እኩያቸው ይህን ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች። የእኅቴ ልጅ ለፋሲካ ቀሚስ ስታሠራ ከእንጦጦ ግርጌ ሽሮ ሜዳ ወርዳ፣ አብዛኞቹ ከጋሞ ደጋ ከመጡ ቤተሰቦች የተወለዱ ሸማኔዎች የሠሩትን ሸማ በጣቶቿ እያሸች ትመርጣለች። በእጅ የተፈተለው በእንዝርት የወጣ ክር ውፍረቱ ወጥ እንደማይሆን፣ በዚያም ምክንያት ጨርቁ ሕይወት እንዳለው፣ የፋብሪካው ክር ደግሞ ለስላሳና ወጥ ሆኖ ዋጋው እንደሚረክስ ማንም ሳያስተምራት ለይታ ታውቃለች። ከዚያ ጥበቡን ትመርጣለች። የምትፈልገውን ቀለም በስልኳ ይዛ ታሳያለች፤ ሸማኔው ካለው ክር ጋር አመሳክሮ «ይህ ሰማያዊ ከወርቃማው ጋር ይጣላል» ይላታል፤ እሷም ትከራከራለች፤ አንዳንዴ እሱ ይረታል፣ አንዳንዴ እሷ። ሸማው ካለቀ በኋላ ልብስ ሰፊዋ ዘንድ ሄዳ ትከሻዋን፣ ደረቷን፣ ወገቧን፣ ዳሌዋንና የእጅጌዋን ርዝመት በሜትር አስለክታ፣ አንገቱ ምን ያህል እንዲከፈት፣ ጥበቡ በፊት ብቻ ይውረድ ወይስ ቅምቅማቱንም ይዙር ራሷ ትወስናለች። የመጀመሪያው ስፌት ሲለካ ወገቡ ቢሰፋባት ጥፋቱ የቀሚሱ ነው፤ ይጠባል።

አሠራሩ እንከን የለበትም ማለቴ አይደለም። በዓል ሲቃረብ የልብስ ሰፊ «ነገ ነይ» እንደማያልቅ፣ የተበላሸ ቁርጥ ጨርቁን ይዞ እንደሚቀር፣ ገንዘብ መልሱልኝ ማለትም ብዙ ጊዜ ከጠብ በቀር ትርፍ እንደሌለው ያየ ያውቀዋል። ለዘወትር በሚለበሰው ልብስማ ችግሩ የባሰ ነው። የቦሌ ቡቲኮችና በቴሌግራም የሚሸጡት ወጣቶች ዕቃውን በአመዛኙ ከቱርክ፣ ከዱባይና ከቻይና ያስመጣሉ፤ ልጅቱ ፎቶ አይታ በቴሌብር ትከፍላለች፤ የመጣላት ልብስ ባይሆናት ወይም ከፎቶው ባይመሳሰል የሚመልስላት አታገኝም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባው ሁሉ ዋጋው ስለወጣ፣ በወር ደመወዟ አንድ ጫማ መግዛት የሚከብዳት ልጅ ጥቂት አይደለችም። ይሁንና በዚሁ ጥበት ውስጥ የማያት ብልኀት ከብዙ ቁም ሣጥን የሚበልጥ ነው፤ አንድ ጥቁር ቀሚስ ሰኞ በጃኬት ቢሮ ይገባል፣ ዓርብ በቀበቶና በሻርፕ ልደት ይሄዳል፣ እሑድ ነጠላ ተደርቦበት ቤተ ክርስቲያን ይሳለማል፣ ያየውም ሁሉ ሦስት ልብስ ያየ ይመስለዋል። ልብስን በማወቅ ረገድ ከሁለቱ የትኛዋ ትቀድማለች ብባል፣ ሳላመነታ የአዲስ አበባዋን እላለሁ።

የሚያሳዝነኝ ይህች ባለሙያ ልጅ ሙያዋን ዝቅ አድርጋ፣ እኛ በሻንጣ የምንልከውን ከፍ አድርጋ ማየቷ ነው። ከደለስ አየር ማረፊያ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ መንገደኛ የሚፈቀዱለትን ሁለት 23 ኪሎ ሻንጣዎች ሲሞላ ከግማሽ በላዩ ልብስና ጫማ ነው። «አክስትዬ፣ ያንን የሚለጠጠውን ጥቁር ሱሪ ካገኘሽ እንዳትረሺኝ» የሚለው የድምፅ መልእክት ከመንገዴ በፊት ሳይደርሰኝ አይቀርም፤ በፍቅር ነው የምሰማው፣ በፍቅርም ነው የምገዛው። ሆኖም የምትጠይቀኝ ሱሪ አብዛኛውን ጊዜ ከነዳጅ ተረፈ ምርት ከሚሠራ ፖሊስተር የተሰፋ ነው፤ ስፌቱን ገልብጣ ብታየው እሷ ራሷ ለልብስ ሰፊዋ «ይህንማ አልቀበልም» ብላ የምትመልሰው ዓይነት ነው። ከአሜሪካ መምጣቱና ወገቡ ላይ ያለው ስም ግን ዓይኗን ይጋርደዋል።

ከአሜሪካ መጣ የምንለው ልብስም ቢሆን አብዛኛው አሜሪካ አልተሰፋም። በሐምሌ 2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ለአሜሪካና ለአውሮፓ ስመ ጥር ኩባንያዎች ሸሚዝና የውስጥ ልብስ ሲሰፋ፣ መኪናው ላይ የተቀመጡት በአብዛኛው ከደቡብ የገጠር ቀበሌዎች የመጡ፣ ከእኅቴ ልጅ ጋር የዕድሜ እኩያ የሆኑ ሴቶች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2019 የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ የስተርን የንግድና የሰብዓዊ መብቶች ማዕከል ባወጣው ጥናት መነሻ ደመወዛቸው በወር 26 ዶላር ነበር። እነዚህ ወጣቶችም ልብስ ይወዳሉ፤ በእረፍት ቀናቸው ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ለመናፈስ ሲወጡ የሚያምርባቸውን መርጠው ለብሰው ነው። ነገር ግን ቀኑን ሙሉ አንድ ኮሌታ ወይም አንድ እጅጌ ብቻ እየሰፉ የሚውሉ በመሆናቸው፣ ሙሉውን ልብስ ለብሶ የማየት ዕድል ለሌላ አገር ልጅ የተተወ ነበር። አሜሪካ ኢትዮጵያን ከጥር 1 ቀን 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አጎዋ ከተባለው፣ ለአፍሪካ አገሮች ከቀረጥ ነፃ ገበያ ከሚሰጠው ሕግ ተጠቃሚነት ስታስወጣ ደግሞ፣ ከቀረጥ ነፃ ገበያው ጋር የብዙዎቹ እንጀራ አብሮ ተነካ። ባንግላዲሽ ውስጥ ዳካ አቅራቢያ ሚያዝያ 16 ቀን 2005 ዓ.ም. ራና ፕላዛ የተባለው ሕንፃ ተደርምሶ ከ1,100 በላይ የልብስ ፋብሪካ ሠራተኞች ሲሞቱ፣ አብዛኞቹ እንዲሁ ወጣት ሴቶች ነበሩ። እዚህ ያሉት ልጆቻችን አንድ ሸሚዝ በምሳ ዋጋ ሲያገኙ ደስ ቢላቸው አልፈርድባቸውም፤ ዋጋው ለምን እንዲያ እንደረከሰ ግን ወላጆች ልንነግራቸው ይገባል፤ ሲነገራቸው ከእኛ ይልቅ እነሱ ፈጥነው ይቆረቆራሉ።

ሻንጣው ሲመለስም ባዶውን አይመጣም። ሠርግ ወይም መልስ ሲቃረብ እዚህ ያደገችው ልጅ ልኳን በሜትር ለክታ በቴሌግራም ትልክና፣ ሽሮ ሜዳ የተሠራ የሐበሻ ቀሚስ ይደርሳታል። ያን ለብሳ መስታወት ፊት ስትቆም ፊቷ ላይ የማየው ነገር የገበያ ማዕከሉ ሲሰጣት አይቼ አላውቅም፤ ወገቧ በልኩ ተይዟል፣ ዳሌዋ አልተጨነቀም፣ ቀለሙን የመረጠችው እሷ ናት፤ ስለ ሰውነቷም አንድ ክፉ ቃል አትናገርም። ይህንንም ደስታ የሚሻማ ነገር መጥቷል። የጥበብ መልክ በማሽን የታተመበት ከውጭ የሚገባ ጨርቅ በሽሮ ሜዳ ሱቆች ሳይቀር ተሰቅሎ በርካሽ ይሸጣል፤ ሸማኔው በድርና በማግ ሳምንታት የሚደክምበትን ማሽኑ በደቂቃዎች ያትመዋል፤ ከሩቅ ለሚያይ ልዩነቱ አይታይም። እዚህ ያለችው ልጅ በፎቶ ብቻ ስለምታዝ ትታለላለች፤ አገር ቤት ያለችው ግን ጨርቁን ገልብጣ በማየት ብቻ ትለየዋለች። በእንዲህ ያለው ጊዜ ነው የአንዷ እውቀት ለሌላዋ የሚያስፈልገው፤ ቀሚስ ከመታዘዙ በፊት ሁለቱ የአክስትና የአጎት ልጆች በስልክ ቢማከሩ፣ ለሁለቱም ከሻንጣ ሙሉ ልብስ የሚበልጥ ስጦታ ነው።

ጥበብ ያለበት አጭር ቀሚስ፣ በጂንስ ጃኬት ጀርባ ላይ የተሰፋ ጥለት፣ በሸማ የተሠራ ሱሪ የለበሱ ልጆች ሲታዩ «ባህል ተበላሸ» የሚሉ ታላላቆቼን አከብራለሁ፤ በዚህ ግን አልስማማም። ወጣቷ ሸማውን ለበዓል ብቻ አጥፋ ከምታስቀምጠው ሥራ ለብሳው ብትሄድ የሸማኔው ገበያ በዓመት ከአራት አምስት ቀን ወደ ዓመት ሙሉ ይሰፋል። አዲስ አበባ የተወለደችውና እ.ኤ.አ. በ2003 ኤስቴ ላውደር የተባለው የመዋቢያ ኩባንያ የመጀመሪያዋ ጥቁር የማስታወቂያ ሞዴል የሆነችው ሊያ ከበደ፣ በ2007 «ለምለም» የተባለውን የልብስ ድርጅት ያቋቋመችው የአገሯ ሸማኔዎች ገበያ እያጡ መሆናቸውን አይታ ነው፤ በእጃቸው የተሠራውን ቀላልና ለዘወትር የሚሆን ልብስ አድርጋ ለዓለም ገበያ አቀረበች። ልብስ የምትወድ ልጅ ነበረች፤ ፍቅሯን ማንም ቅብጠት ነው ብሎ አለማስጣሉ ለብዙ ሸማኔ ቤት ተረፈ።

እኔም ለመጪው ፋሲካ ከሱሪው ጋር የቀሚስ ማሠሪያ ገንዘብ እልካለሁ። አንድ ቀሚስ ገዝቼ በሻንጣ ብልክ ገንዘቡ እዚሁ ለአንድ ሱቅ ገቢ ይሆናል፤ በብር ቢላክ ግን ጥጡን ለፈተለችው እናት፣ ለሸማኔው፣ ለጠላፊውና ለልብስ ሰፊዋ ይዳረሳል፤ ቀለሙንም የእኅቴ ልጅ ራሷ ትመርጣለች። እዚህ ያሉትን ልጆች በተመለከተ ደግሞ፣ አንዳንድ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የስፌት መኪና አኑረው በነፃ እንደሚያስተምሩ ለወላጆች እየተናገርኩ ነው፤ አንዲት ወዳጄ ልጇን ወስዳ አስመዝግባለች፤ ልጅቱም የመጀመሪያ ሥራዋ እንዲሆን የመረጠችው ያንኑ ወገቧ ላይ የሚሰፋባትን ሱሪ ማጥበብ ነው።