ያላየ ላየ ያስረዳ

ጅማ ከቡና ሌላ ምን ታፈራለች ለሚል ጠያቂ፣ ፊልም ሳያዩ ፊልም የሚተነትኑ ሊቃውንትን ታፈራለች ብዬ በኩራት እመልሳለሁ። በየሰፈራችሁ አንድ እንደማታጡ ስለማውቅ ማንነታቸውን ለማስረዳት አልደክምም። እንደ እኔ ያለ ደካማ ሰው ስለ አንድ ፊልም ብርታትና ጉድለት ለመናገር መጀመሪያ ተቀምጦ ማየት አለበት፤ እነርሱ ግን ስልካቸው ላይ የዐሥር ደቂቃ ማጠቃለያ በግማሽ ጆሮ ሰምተው፣ እሱንም ማስታወቂያ ሲገባበት አቋርጠው፣ ግማሽ ቀን ያስተምራሉ። «የሰማ ላልሰማ ያሰማ» የሚለው የጥንት አዋጅ እነርሱ ዘንድ ሲደርስ «ያላየ ላየ ያስረዳ» ሆኗል።

ባለፈው እሑድ ፈረንጅ አራዳ ካለው ቤታችን ለቡና የመጡት ጎረቤታችን የመረጡት «አቬንጀርስ፦ ኤንድጌም» የተባለውን የአሜሪካ የልዕለ ኃያላን ጀግኖች ፊልም ነበር። በአቦሉ ብርታቱን አስረዱን። ብርታቱ ገንዘቡ ነው፤ 356 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የፈጀ ነገር እንዴት መጥፎ ይሆናል? እ.ኤ.አ. በ2019 ወጥቶ ወደ 2.8 ቢሊዮን ዶላር አስገብቷልና ክርክሩ እዚያው ተዘጋ።

በቶናው ወደ ጉድለቱ ተሻገሩ፤ ጉድለቱም አይጧ ናት። ፊልሙን ያየ ሰው እንደሚያስታውሰው፣ አንዲት አይጥ መጋዘን ውስጥ በቆመ መኪና ላይ ስትንጎራደድ ቁልፍ ትረግጥና አምስት ዓመት ተሰውሮ የኖረውን ጀግና ትለቀዋለች፤ ዓለምን የማዳኑ ዕቅድ ሁሉ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ያን ያህል ወጪ የወጣበት ታሪክ በአይጥ እግር ላይ መንጠልጠሉ በእርግጥ ድክመት ነው፤ እኔም እስማማለሁ። ጎረቤታችን ግን በዚህ አልረኩም። አይጧ በእርሳቸው ትንታኔ መጀመሪያ መኪናውን አስነሣች፤ ቀጥሎ ነዳችው፤ ስኒው ሲሞላላቸው ደግሞ ከጠፈር የተላከች ሰላይ ሆነች። ከዚያም የጅማን የበቆሎ ጎተራ አይጥ ከአሜሪካዊቷ ጋር አነጻጸሩ፤ የእኛዋ ጆንያ ከመቅደድ አልፋ ዓለም ለማዳን ያልበቃችው በጀት ስላጣች እንደሆነ፣ ያችኛዋ ስንት እንደተከፈላት፣ ውሉን በየትኛው እግሯ እንደፈረመች፣ በሚቀጥለው ክፍል ባል እንደሚያመጡላት ጭምር ዘረዘሩልን። «ጋሼ፣ አይጧ እኮ ቁልፉን ረገጠች እንጂ መኪና አልነዳችም» ብላቸው በሐዘኔታ አዩኝና፣ «አንተማ አይተኸዋል፤ ያየ ሰው ደግሞ ያዳላል» አሉኝ። ንጹሕ ፍርድ የሚገኘው ዓይንን ከጉዳዩ በማራቅ እንደሆነ በአርባ ዓመቴ ተማርሁ።

በዚህ ቢበቃቸው ኖሮ ይህን ጽሑፍ አልጽፍም ነበር። አጠገባችን የአክስቴ ልጅ ተቀምጣለች። ከእ.ኤ.አ. 2008ቱ «አይረን ማን» ጀምሮ ከኤንድጌም በፊት ያሉትን የዚሁ ተከታታይ 21 ፊልሞች በፍላሽ እያስጫነች፣ መብራት ሲጠፋ እስኪመጣ እየጠበቀች፣ በየተራቸው አይታ 22ኛው፣ ኤንድጌም ላይ ደርሳለች። ማን እንደሚሞት ማንም እንዳይነግራት ክረምቱን ሙሉ ጆሮዋን ስትጠብቅ ከርማለች። እኚህ ሰው ስኳር አቀብዪኝ በሚሉበት ድምፅ የአንዱን ጀግና ስም ጠርተው፣ «እሱ እኮ መጨረሻ ላይ ይሞታል፣ ልጄ» አሏት። ይህ ሌብነት ነው። የዚያ ፊልም ትልቁ ብርታት ፍልሚያው ሳይሆን የመጀመሪያው አንድ ሰዓት ነው፤ የተሸነፉ ጀግኖች ሐዘናቸውን ይዘው ዝም ብለው የሚኖሩበት፣ ተመልካቹንም አብሯቸው ስለከረመ ብቻ የሚከብደው ሰዓት። ያን ክብደት ልጅቷ በትዕግሥቷ ገዝታዋለች፤ አንዲት ደቂቃ ያልከፈሉበት ሰው ከእጇ የሚነጥቁት በምን መብት ነው?

ምስጋናዬን ግን አላቋርጥም። በበረካው የመጨረሻውን ውጊያ አወደሱ። ጀግኖቹ ሁሉ በአንድ ሜዳ ሲሰለፉ ማን ማንን እንደሚመታ በዚያ ግራጫ ጭጋግ ውስጥ መለየት እንደሚያስቸግር፣ ጀግኖቹ ወዳለፈ ዘመን የሚመለሱበት የጊዜ ጉዞ ሕግም፣ መጨረሻ ላይ አርጅቶ አግዳሚ ወንበር ላይ ከተቀመጠው ጀግና ጋር አልጣጣም ብሎ ብዙ ሰው እንዳከራከረ ባነሣ፣ «እሱ ዝርዝር ነው» ብለው አለፉኝ። ከአይጧ ቀጥሎ ያለው ጉድለት ርዝመቱ ነው፤ 181 ደቂቃ! «ሦስት ሰዓት ሙሉ ተቀምጦ ማን ያያል?» አሉ፣ ከአቦል እስከ በረካ ሦስት ሰዓት ከሩብ ካልተነሡበት በርጩማ ላይ ሆነው።

ፍላሹን ላውስዎ ብላቸው ጊዜ የለኝም ብለው ተነሡ። ለሚመጣው እሑድ ገና ያልወጣ ፊልም ሊተነትኑልን ቃል ገብተዋል፤ ቡናው ከእኛ ነው።