ስኳር ለገበያ ይለቀቅ ወይስ በኮታ ይቆይ?

ስኳር በሸማቾች ማኅበር በኩል፣ በኮታና በተቆረጠ ዋጋ መሸጡ ይቅር ወይስ ይቀጥል? "ይቅር" የምትለው ደሴ ላይ ሻይ ቤት አላት። "ይቀጥል" የሚሉት ኮምቦልቻ የሚኖሩ ጡረተኛ መምህር ናቸው።

ይቅር (ከደሴ)

እኔ ስኳርን የማውቀው በማንኪያ ነው። ባላገሩ ቡናውን በጨው ይጠጣል፤ ሻይ ግን ያለ ስኳር አይሆንም። ረመዳን ሲገባ ከመግሪብ በኋላ ሻዬ አይቆምም። ስኳር የሚጠፋውም ያኔ ነው። ሸማቾች ስሄድ "አልመጣም" እባላለሁ። ትንሽ ራቅ ብሎ ካለው ሱቅ ግን አለ፣ በሌላ ዋጋ። አንድ ዕቃ ሁለት ዋጋ ካለው መሀል ላይ የቆመው ሰው ይበላል።

እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ ጥሬ ስኳር በኒውዮርክ ገበያ አንዱ ፓውንድ (ግማሽ ኪሎ ገደማ) 28 የአሜሪካ ሳንቲም ደርሶ ነበር። በ2025 መጨረሻ ወደ 15 ወረደ። ግማሽ ያህል ረከሰ ማለት ነው። እኔ ጋ ግን አልደረሰም። ነጋዴዎች እየተፎካከሩ ቢያስገቡ ይደርስ ነበር።

ይቀጥል (ከኮምቦልቻ)

እህቴ፣ ስለ መሀል ሰው ያልሽው ልክ ነው። ግን የምትይው ገበያ የትኛው ነው? ከዓለም ስኳር አብዛኛው የሚበላው በተመረተበት አገር ነው። ለሽያጭ የሚወጣው ትርፉ ነው። ህንድን እዪ። ከብራዚል ቀጥላ ብዙ የምታመርት አገር ናት። መጀመሪያ ለሕዝቤ ይብቃ ብላ እ.ኤ.አ. በ2022 ወደ ውጭ በሚወጣው ላይ ገደብ ጣለች፤ በ2023 ዝናቡ ሲያጥር ገደቡን አራዘመች። ያ 28 ሳንቲም ከዚህ ጋር የመጣ ነው።

የብራዚል ፋብሪካዎች ደግሞ ነዳጅ ሲወደድ ሸንኮራውን ኢታኖል፣ ማለትም ለመኪና ነዳጅ የሚሆን አልኮል፣ ያደርጉታል። ስለዚህ ነዳጅ ሲንር ስኳር አንሶ ደሴ ላይ ሻይ ይወደዳል። አሜሪካ ስኳር የምታስገባው በኮታ ነው፤ ከዚያ በላይ ለሚመጣው ከባድ ቀረጥ አለባት። አውሮፓ እ.ኤ.አ. በ2017 የምርት ኮታውን ቢያነሳም ከውጭ በሚገባው ላይ ቀረጡን አልተወም። ሁሉም አጥሩን አጥሮ እኛ ብቻ በራችንን ከፍተን እንደር?

ዶላሩንም አትርሺ። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ብር በገበያ ይተመናል። ውጭ የረከሰው፣ ብሩ ሲወርድ፣ እዚህ ሳይደርስ ይወደዳል።

እኔን የሚቆጨኝ ሌላ ነው። ከጅቡቲ ስኳር ጭኖ የሚመጣው መኪና የስኳር ፋብሪካ በተሠራበት በተንዳሆ አቅራቢያ አልፎ፣ በሚሌና በባቲ አድርጎ ወደ እኛ ይወጣል። አዋሽ የሚያጠጣው ሜዳ ደጃችን ላይ እያለ!

መልስ (ከደሴ)

ጋሼ፣ ተንዳሆን ሲያነሱ እኔም ሆዴ ይባባል። ሆላንዶች ያቆሙት የወንጂ ፋብሪካ ሥራ ከጀመረ ከ70 ዓመት በላይ ሆኖታል። ዛሬም ከውጭ እንገዛለን። ተንዳሆ ቢለማ ደስ ይለኛል። እስኪለማስ?

ኮታው ደግሞ የሚደርሰው የቀበሌ መታወቂያ ላለው ነው። ከወረኢሉ መጥታ ቤት ተከራይታ ጉሊት የምትቸረችር ሴት በምን ታገኛለች? በሱቅ ዋጋ፣ በትንሽ በትንሹ የምትገዛው እሷ ናት። ለድሃ የተባለው ዋጋ ከሁሉም ድሃዋን አያውቃትም።

መልስ (ከኮምቦልቻ)

ይህን አልክድም። እሷም ትመዝገብ፤ ኮታው ይስፋ እንጂ አይፍረስ። ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ አለን። 15 ሳንቲም ሲሆን ገዝቶ ማከማቸት፣ ሲወደድ ማውጣት ይቻላል። ማኅበሩ በር ላይ ስንት ኩንታል እንደመጣና ለስንት ሰው እንደደረሰ ይለጠፍ።

የመጨረሻ ቃል (ከደሴ)

ከተለጠፈ መጀመሪያ የማነበው እኔ ነኝ። ግን የመጋዘኑ ቁልፍ በአንድ እጅ ብቻ አይሁን። ነጋዴውም አጠገቡ የራሱን ይክፈት። ያኔ በረመዳን "አልመጣም" ስባል ጎኑ ካለው እገዛለሁ።